ፖፕስ ምን ያህል ይርቃሉ? ከሸዋ ሮቢት እስከ ጣርማ በር፣ ከዚያም ወዲያ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ደብረ ብርሃን ነው የምኖረው። አካባቢ ሳይንስ አስተምራለሁ። ኮምፒውተር ላይ ሞዴል በሚባል ሒሳብ ተጥጄ የምውለው አንድ ጥያቄ ይዤ ነው፦ አንድ ኬሚካል ከተለቀቀበት ተነስቶ ምን ያህል ይርቃል? ክፍል ውስጥ ተማሪ ይህንኑ ይጠይቀኛል። ቆላ ስወርድ ገበሬ ይጠይቀኛል። በዓል ሲሆን ደግሞ አጎቴ አለ፤ አንዱን መልሼ ሳልጨርስ ሌላ ይጨምርልኛል። ደጋግሜ የመለስኳቸውን እዚህ ሰብስቤያቸዋለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ፖፕስ ማለት ምንድን ነው?

ሙሉ ስማቸው «በአካባቢ ውስጥ ለረጅም ጊዜ የሚቆዩ ኦርጋኒክ በካዮች» ነው። ስሙ ስለሚረዝም ሁሉም ፖፕስ ይላቸዋል። «ኦርጋኒክ» የምትለው ቃል ታደናግራለች። ገበያ ላይ ኦርጋኒክ ሲባል ያለ ኬሚካል የበቀለ ማለት ነው። ኬሚስት ግን ካርቦን ያለበትን ውህድ ነው ኦርጋኒክ የሚለው። ስለዚህ ዲዲቲም ኦርጋኒክ ነው።

አራት ጠባይ አላቸው። ቶሎ አይፈርሱም። ስብ ይወዳሉ። ይመርዛሉ። ይጓዛሉ። እነሱን የሚቆጣጠረው ዓለም አቀፉ የስቶክሆልም ስምምነት በ2001 ሲፈረም በዝርዝሩ ላይ 12 ነበሩ፤ ፀረ ተባዮቹ ዲዲቲ፣ አልድሪንና ዲልድሪን፣ ለትራንስፎርመር ዘይት ያገለግል የነበረው ፒሲቢ፣ ነገር ሲቃጠል የሚወጣው ዳዮክሲንና ሌሎችም። ዛሬ ከ30 በልጠዋል። ኢትዮጵያ ስምምነቱን በ2003 አጽድቃለች።

እዚህ የምናወራው ስለ አራተኛው ጠባይ ነው።

ለምን በሞዴል? ሄዶ መለካት አይሻልም?

መለካት የግድ ነው። ብቻውን ግን አይበቃም።

በ1960ዎቹ አንታርክቲካ ውስጥ የፔንግዊን ስብ ተመረመረና ዲዲቲ ተገኘበት። እዚያ የሚረጭለት ወባም የለ፣ ማሳም የለ። በ1980ዎቹ መጨረሻ ደግሞ በካናዳ ኩቤክ ሰሜናዊ ጫፍ የሚኖሩ የኢኑዊት እናቶች የጡት ወተት ተመረመረ። የፒሲቢው መጠን ከደቡብ ኩቤክ እናቶች አምስት እጥፍ ገደማ ሆኖ ተገኘ። ፋብሪካው ያለው ደቡብ፣ መርዙ የበዛው ሰሜን። ልኬቱ «አለ» ብሎ ይነግራችኋል። ከየት መጣ? በምን መንገድ? ነገስ ይጨምራል ወይስ ይቀንሳል? እዚህ ላይ ዝም ይላል።

ሌላም አለ። አንድ ፋብሪካ አዲስ ኬሚካል ሠርቶ ፈቃድ ሲጠይቅ፣ ገና ያልተለቀቀን ነገር ማንም ሄዶ ሊለካ አይችልም። ተለቆ ፔንግዊን ውስጥ እስኪገኝ ከተጠበቀማ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።

ሞዴል ስትሉ ምን ማለታችሁ ነው?

አጎቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰማ «እንደ ሞዴል አርሶ አደር?» ነበር ያለኝ። ቢሮ የሠራ ሰው ደግሞ ሞዴል 19 ትዝ ይለዋል። ይህኛው ሒሳብ ነው።

ነገሩ ሲታይ ቀላል ነው። ዓለምን እንደ ሣጥኖች አድርጋችሁ አስቡት። አየር አንድ ሣጥን፣ ውሃ አንድ ሣጥን፣ አፈር አንድ ሣጥን። ኬሚካሉ ከአንዱ ወደ ሌላው ይገባል፣ ይወጣል፣ በየሣጥኑ ውስጥ ደግሞ ቀስ በቀስ ይፈርሳል። ሞዴሉ የሚሠራው ሥራ እንደ ሱቅ ሒሳብ ነው፤ ስንት ገባ፣ ስንት ወጣ፣ ስንት ተበላሸ፣ ስንት ቀረ።

ኬሚካሉ ከየትኛው ሣጥን ወደ የትኛው እንደሚሄድ ለማወቅ ብዙዎቹ ሞዴሎች «ፉጋሲቲ» በሚባል ሐሳብ ይሠራሉ። ቃሉ ከላቲን «መሸሽ» የመጣ ነው። የመሸሽ ዝንባሌ ልንለው እንችላለን። ሙቀት ከሞቀው ወደ ቀዘቀዘው እንደሚሄድ ሁሉ፣ ኬሚካልም የመሸሽ ዝንባሌው ከፍ ካለበት ዝቅ ወዳለበት ይሄዳል። ተሳፋሪ ከታጨቀበት ሚኒባስ ወርዶ ባዶው ውስጥ እንደሚገባው ማለት ነው። ሐሳቡን በ1901 ያመጣው አሜሪካዊው ኬሚስት ጊልበርት ሉዊስ ነው። ለአካባቢ ብክለት እንዲያገለግል አድርጎ ያበጃጀው ግን ስኮትላንድ ተወልዶ ካናዳ የሠራው ዶናልድ ማካይ ነው። ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ይህን ሲሠራ ኖሮ በ2023 አረፈ።

ሞዴሉ ውስጥ ምን ይገባል?

ይህን ስናገር ተማሪዎቼ አያምኑኝም። ለመጀመሪያ ማጣሪያ ስድስት ቁጥር ይበቃል። የሞለኪውሉ ክብደት፤ አየር ውስጥ፣ ውሃ ውስጥና አፈር ውስጥ ያለው ግማሽ ዕድሜ፣ ማለትም ግማሹ እስኪፈርስ የሚፈጀው ጊዜ፤ ከዚያ ሁለት የምርጫ ቁጥሮች።

የምርጫ ቁጥሮቹን እንዲህ ነው የማስረዳው። ማሰሮ ውስጥ ውሃና የቀለጠ ቅቤ አድርጉ። ኬሚካሉን ጨምሩና ናጡት። አስቀምጡት፤ ቅቤው ላይ ይንሳፈፋል። ኬሚካሉ የት ገባ? ላቦራቶሪ ውስጥ በቅቤ ፋንታ ኦክታኖል የሚባል ፈሳሽ ይጠቀማሉ እንጂ ጥያቄው ይኸው ነው። ዲዲቲ ላይ ሲሞከር ውሃው ውስጥ ለቀረ ለአንዱ ሞለኪውል ኦክታኖሉ ውስጥ ብዙ ሚሊዮን ይገኛል። ስለዚህ ዲዲቲ በሣር ገብቶ በግ ውስጥ ቢደርስ የት እንደሚቀመጥ ማንም መገመት አያቅተውም። የመንዝ በግ ላቱን ይዞ ሲሄድ አይታችኋል። እዚያ ነው።

ሁለተኛው ምርጫ በአየርና በውሃ መካከል ነው። ተንኖ መሄድ ይመርጣል ወይስ ውሃው ውስጥ መቅረት?

ክርክር የሚበዛው ግን በግማሽ ዕድሜዎቹ ላይ ነው። የአንድ ኬሚካል የአፈር ግማሽ ዕድሜ በአንድ ጥናት አንድ ዓመት፣ በሌላው አሥር ዓመት ሆኖ ታገኙታላችሁ። ሁለቱም ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ። አፈሩ፣ ሙቀቱ፣ እርጥበቱ ይለያያላ።

ሞዴሉ «1,000 ኪሎ ሜትር» ካለ ኬሚካሉ እዚያ ደርሶ ይቆማል ማለት ነው?

አይደለም። ከሁሉም የበዛው ስህተት ይህ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልመልሰው።

ሞዴሉ የሚያወጣው ርቀት፣ መለያ የጉዞ ርቀት እንበለው፣ መነሻው ላይ ከነበረው መጠን 37 በመቶ ብቻ የሚቀርበት ቦታ ነው። የቀረው 37 በመቶ ጉዞውን ይቀጥላል። ስንቅ የያዘ መንገደኛ አስቡ። በየቀኑ እኩል አይበላም፤ ከቀረው ላይ እኩል ድርሻ ነው የሚበላው። አገልግሉ እየቀለለ ይሄዳል እንጂ ሙልጭ ብሎ አያልቅም።

ሒሳቡን አብረን እንሥራው። ሞዴሉ ነፋሱን በሰከንድ 4 ሜትር አድርጎ ይወስዳል፤ በሰዓት 14.4 ኪሎ ሜትር ነው። ኬሚካላችን አየር ውስጥ 2 ቀን፣ ማለትም 48 ሰዓት፣ ግማሽ ዕድሜ አለው እንበል። 48ን ለ0.693 ስናካፍል 69 ሰዓት ገደማ ይሆናል። ይህን በ14.4 ስናበዛ 1,000 ኪሎ ሜትር ግድም ይመጣል። ከደብረ ብርሃን ቀጥታ ቢለካ ካርቱም ነው። ካርቱም ላይ 37 በመቶ አለ። ሌላ 1,000 ሲጨመር 13 በመቶ ተኩል ይቀራል። 3,000 ኪሎ ሜትር ላይ 5 በመቶ።

ይህ እንግዲህ ኬሚካሉ መንገድ ላይ ምንም ሳይረግፍ አየር ላይ ብቻ ቢሄድ ነው። ዝናብ ያወርደዋል፣ አቧራ ላይ ተጣብቆ ይወርዳል፣ ቅጠል ይይዘዋል። በመርገፍ የሚጠፋው በመፍረስ ከሚጠፋው ጋር እኩል ከሆነ ርቀቱ በግማሽ ይቀንሳል፤ 500 ይሆናል።

2 ቀንን ዝም ብዬ አልመረጥኩም። ስምምነቱ «ረጅም ርቀት ይጓዛል» ለማለት ከሚጠቅሳቸው ምልክቶች አንዱ አየር ውስጥ ከ2 ቀን በላይ የሆነ ግማሽ ዕድሜ ነው። አይፈርስም ለማለት ደግሞ ውሃ ውስጥ ከ2 ወር፣ አፈር ውስጥ ከ6 ወር በላይ መቆየቱን ያያል።

37 ለምን? ግማሽ ቢባል አይቀልም ነበር?

ለእናንተና ለእኔ ይቀል ነበር። ለቀመሩ ግን 37 ይቀላል፤ 1 ለ2.718 ሲካፈል የሚመጣ ቁጥር ነው። ግማሹን የምትፈልጉ ከሆነ ርቀቱን በ0.693 አብዙት፤ 1,000ው 693 ይሆናል።

ታዲያ ቁጥሩ ለምን ይጠቅማል?

ለማነጻጸር። ቁጥሩ ደረጃ ነው እንጂ አድራሻ አይደለም።

የበለጸጉት አገሮች የትብብር ድርጅት፣ ኦኢሲዲ፣ የሚያሰራጨው አንድ የማጣሪያ ሞዴል አለ። ኤክሴል ላይ ይሠራል። አዲሱን ኬሚካል ካስገባችሁ በኋላ የታወቁ ፖፕስ ካሉበት ሥዕል ላይ አንድ ነጥብ ሆኖ ይወጣል። በሥዕሉ ላይ ሁለት መስመር አለ። አንዱ የርቀት ነው፤ ከፒሲቢ ዓይነቶች አንዱ ከሆነው ከፒሲቢ 28 የተወሰደ፣ 5,100 ኪሎ ሜትር ገደማ። ከደብረ ብርሃን ሮም እንኳ ከዚህ ታንሳለች። ሌላው አጠቃላይ የመቆያ ጊዜ ነው፤ 195 ቀን። አዲሱ ኬሚካል ሁለቱንም መስመር ካለፈ «ይህ ነገር ከእነዚያኞቹ ዘር ነው» ትላላችሁ። ምርመራው ከዚያ ይቀጥላል።

ልዩነቱ በጣም ሰፊ ነው። ድሮ የሚዘራ እህል ከሻጋታ እንዲጠበቅ ይታሽበት የነበረው ሄክሳክሎሮቤንዚን አየር ውስጥ እጅግ ቀስ ብሎ ነው የሚፈርሰው። የጉዞ ርቀቱ ሲሰላ ከምድር ዙሪያ፣ ከ40,000 ኪሎ ሜትር፣ ይበልጣል። ምድርን ዞሮ መነሻው ይመለሳል ማለት ነው። ዲዲቲ ግን አቧራና ቅጠል ላይ መጣበቅ ስለሚወድ ከእሱ እጅግ ያንሳል።

ሞዴሉ ተሳስቶብህ ያውቃል?

ሞዴሉ አልተሳሳተም፤ እኔ ነኝ። መጀመሪያ ሰሞን የአየር ግማሽ ዕድሜ የሚለው ቦታ ላይ «2» ብዬ ጻፍኩ። ሁለት ቀን ለማለት ነው። 42 ኪሎ ሜትር ሰጠኝ። ፖፕስ ነው የተባለ ነገር መለያ ርቀቱ ከሸዋ ሮቢት ደብረ ብርሃን እንኳ አልሞላም! አንድ ቀን ሙሉ ቀመሩን ስፈትሽ ዋልኩ። ለካ ሞዴሉ የሚፈልገው በሰዓት ኖሯል። 48 ማለት ነበረብኝ። ማታ ቤት ገብቼ ለባለቤቴ ስነግራት «እኔ ወጥ ላይ ጨው ስሳሳት ስንት ቀን ነው የምታወራው?» አለችኝ።

ሸዋ ሮቢት የተረጨ ነገር ደብረ ብርሃን ይደርሳል?

ይህን የጠየቀኝ ሸዋ ሮቢት ላይ በመስኖ ሽንኩርት የሚያለማ ሰው ነው። የጀርባ መርጫውን አውርዶ ቦይ ዳር ተቀምጧል። መድኃኒቱን የሚለካው በጠርሙሱ ክዳን ነው። አፍና አፍንጫውን በነጠላው ጫፍ አስሯል፤ ነጠላው ረጥቧል። ከሰዓት በኋላ ነበርና ነፋሱ ከሜዳው ወደ ተራራው ይነፍሳል። ሽታው ከእኛ አልፎ ሽቅብ ሲሄድ ይታወቃል። «ወዴት ነው የሚሄደው?» አለኝ፣ እጁን ወደ ተራራው፣ ወደ ጣርማ በር ዘርግቶ። የረጨው ፖፕስ አልነበረም። ጥያቄው ግን የኔን የዓመት ትምህርት ባንድ እጅ ምልክት የሚጠቀልል ነበር።

በአግድም ከሆነ መልሱ ቀላል ነው። ሸዋ ሮቢትና ደብረ ብርሃን በአየር ቀጥታ ቢለካ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በሞዴሉ ነፋስ ሦስት ሰዓት ተኩል ይፈጃል። ግማሽ ዕድሜው 2 ቀን የሆነ ኬሚካል በዚህ ጊዜ ውስጥ የሚያጣው 5 በመቶውን ብቻ ነው። ለፖፕስ 50 ኪሎ ሜትር ጎረቤት ማለት ነው።

ዋናው ነገር ሽቅቡ ነው። ሸዋ ሮቢት 1,280 ሜትር ግድም ላይ ነች፤ ደብረ ብርሃን 2,840። ልዩነቱ 1,560 ሜትር ነው። አየር በየ1,000 ሜትሩ 6.5 ዲግሪ ገደማ ይቀዘቅዛል። ስለዚህ 10 ዲግሪ ይቀንሳል። ሸዋ ሮቢት ላይ በሸሚዝ ውሎ ደብረ ብርሃን ሲደርስ ጋቢ የፈለገ ሰው ይህን ያለ ቴርሞሜትር ያውቀዋል። ለብዙዎቹ ፖፕስ 10 ዲግሪ ሲቀንስ የመትነን ኃይላቸው ወደ አንድ ሦስተኛ ይወርዳል። ቆላ ላይ እንፋሎት የነበረው ደጋ ሲደርስ አፈርና ቅጠል ላይ መቀመጥ ይጀምራል።

ጉዞው ደግሞ ባንድ ትንፋሽ አይደለም። ቀን ሲሞቅ ይነሣል፣ ማታ ሲቀዘቅዝ ይቀመጣል፣ በማግስቱ እንደገና ይነሣል። የሙያው ሰዎች የፌንጣ ዝላይ ይሉታል። በየዝላዩ ወደ ቀዝቃዛው ይጠጋል። ቀዝቃዛ ቦታ ከደረሰ በኋላ ለመነሣት የሚበቃ ሙቀት ያጣል። በዓለም ደረጃ ይህ ወደ ዋልታዎች ይወስደዋል፤ የኢኑዊት እናቶች ነገር መልሱ እዚህ ውስጥ ነው። በእኛ ደረጃ ወደ ተራራ ይወስደዋል።

ጣርማ በር ዋሻው አፍ ላይ ቆማችሁ ታውቁ ይሆናል። ከደብረ ሲና በኩል ጉሙ ገደሉን እየላሰ ይወጣል። ደቂቃ ሳይሞላ ከፊታችሁ ያለው አይሱዙ መብራቱ ብቻ ይቀራል። ቅንድባችሁ ላይ ጠብታ ይይዛል። ጉም ማለት ከቆላ የወጣ እርጥብ አየር ቀዝቅዞ የሠራው ጠብታ ነው። አብሮት የወጣውን ኬሚካልና አቧራም እነዚያ ጠብታዎች ይለቅሙታል። ከዚያ ሣሩ ላይ ያወርዱታል። የቅጠል ገጽ የሰም ሽፋን አለው፤ ሰም ደግሞ የስብ ዘመድ ነው። መንዝ ውስጥ ያለውን ጓሳ ሳየው፣ ከ3,200 ሜትር በላይ ያለ ቀዝቃዛና ሣራም ምድር፣ ዓይኔ ላይ የሚመጣው ግዙፍ ወንፊት ነው።

እንዲህ ያለው ነገር በሌላ አገር ተለክቷል። በ1998 የታተመ የምዕራብ ካናዳ ተራሮች ጥናት ከ770 ሜትር እስከ 3,100 ሜትር ድረስ በረዶ ሰብስቦ መረመረ። አንዳንዶቹ ክሎሪን ያለባቸው ኬሚካሎች ከታች ወደ ላይ ከ10 እስከ 100 እጥፍ ጨምረው ተገኙ፤ በተለይ በቀላሉ የሚተኑት። ከፍታውን ልብ በሉ። ከሸዋ ሮቢት በታች ጀምሮ ጣርማ በር አካባቢ የሚያልቅ ነው።

ሞዴሉ ጣርማ በርን ያውቀዋል?

አያውቀውም። የማጣሪያው ሞዴል ዓለም ገደል የለውም፣ ክረምትና በጋ የለውም፣ ነፋሱ አንድ ዓይነት ነው። የሚገቡት ቁጥሮች አብዛኛውን ጊዜ በ25 ዲግሪ የተለኩ ናቸው። 25 ዲግሪ ለሸዋ ሮቢት ይሆናል፤ ደጋ ላይ ላለችው ለመንዟ ከተማ ለመሐል ሜዳ ሌሊት ግን ቀልድ ነው።

ይህ ሁሉ ጉድለት ታስቦበት የተተወ ነው። የአንድን መቶ ኬሚካል ደረጃ ለማውጣት ገደል አያስፈልግም፤ ሁሉም ባንድ ሜዳ ላይ ይሩጡ ነው ነገሩ። የአንድ ቦታን ሁኔታ ለማወቅ ሲፈለግ ግን ዓለምን በብዙ ቁራጭ የሚከፍሉ፣ እውነተኛ ነፋስና ዝናብ የሚያስገቡ ከበድ ያሉ ሞዴሎች አሉ። እነሱም ቢሆኑ ቁራጫቸው ሰፊ ነው። ሸዋ ሮቢትና ጓሳ ባንድ ቁራጭ ውስጥ ከገቡ አማካይ ከፍታ ይሰጣቸዋል። አማካይ ከፍታ ላይ የሚኖር ሰው አላውቅም።

ዲዲቲ ቀርቷል አይደል? ለምን እናወራለታለን?

ለወባ የሚደረገው የቤት ርጭት ወደ ሌሎች መድኃኒቶች የዞረው በ2009 ገደማ ነው፤ ትንኟ ስለለመደችው። ከዚያ በፊት ለአሥርት ዓመታት ቆላው ሁሉ ሲረጭ ኖሯል። አጎቴ ልጅነቱ ሸዋ ሮቢት ነው። ረጪዎቹ ከሄዱ በኋላ ግድግዳው ላይ ነጭ ዱቄት ይቀር እንደነበር፣ ትኋኑም እንደሚያልቅ ይነግረኛል። «ወርቅ መድኃኒት ነበር» ይላል። እውነቱን ነው፤ ብዙ ሰው አድኗል። ስምምነቱም ሙሉ በሙሉ አልከለከለውም፤ እንደ ወባ ትንኝ ያሉ በሽታ አስተላላፊ ነፍሳትን ለመከላከል ብቻ ብሎ ገድቦታል።

ግን አፈር ውስጥ ግማሽ ዕድሜው በዓመታት የሚቆጠር ነው። ሲፈርስም አይጠፋም፤ ዲዲኢ ወደሚባል የባሰ ቸካይ ልጅ ይለወጣል። ይህ ልጅ ለመርማሪ ጥሩ ምስክር ነው። አንድ ናሙና ውስጥ ዲዲቲው ከዲዲኢው ከበለጠ በቅርብ የተረጨ ነገር ነው ተብሎ ይጠረጠራል። ዲዲኢው ከበዛ የቆየ ነው። ገበያ ላይ በድብቅ የሚሸጥ አለ የለም ብሎ ከመከራከር አፈሩን መጠየቅ ይሻላል።

በውሃስ አይሄድም?

ይሄዳል፤ ቀስ ብሎ። ሞዴሉ ውሃን በሰከንድ 2 ሴንቲ ሜትር ያስኬዳል። በቀን 1.7 ኪሎ ሜትር ነው። ነፋሱ በዚሁ ቀን 346 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ስለዚህ ለዲዲቲ ዓይነቶቹ አየር ይቀድማል። ውሃ ለሚወዱት፣ ለምሳሌ በእሳት ማጥፊያ አረፋ ውስጥ ይገባ ለነበረውና በ2009 ዝርዝሩ ላይ ለገባው ፒፎስ፣ ዋናው መንገድ ውሃ ነው።

የእኛ ምድር ደግሞ ውሃን ለሁለት የሚከፍል ነው። በምሥራቅ በኩል ሮቢ፣ ጀውሃ፣ ከሰም ወደ አዋሽ ይገባሉ። አዋሽ ባሕር አይደርስም፤ ጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ገብቶ ያልቃል። የተሸከመውን ሁሉ እዚያው ያራግፋል። በምዕራብ በኩል ጀማ ወደ ዓባይ ይሄዳል። ስብ ወዳዶቹ ኬሚካሎች በውሃው ሳይሆን በደለሉ ላይ ተጣብቀው ነው የሚሄዱት። ክረምት ላይ ጀማ ሲደፈርስ የሚሄደው አፈር ብቻ አይደለም። ግድብ ሲያጋጥመው ደለሉ ይቀመጣል፤ ኬሚካሉም አብሮት።

የምረጨው ካራቴና ማላታይን ፖፕስ ናቸው?

አይደሉም። ለሚረጨው ሰው ግን መርዝነታቸው እዚያው ነው። ጓንት!

ክሎርፒሪፎስን፣ ብዙው ሰው ዱርስባን ብሎ የሚያውቀውን፣ ለብቻው ላንሳው። አየር ውስጥ በ25 ዲግሪ ሲሰላ ግማሽ ዕድሜው የሰዓታት ነው፤ 2 ቀን አይሞላም። በወረቀት ላይ ሩቅ አይሄድም ማለት ነው። ግን አርክቲክ በረዶና የባሕር ውሃ ውስጥ ተገኘ። ሞዴሉ አይደርስም አለ፤ እሱ ደረሰ። ለዓመታት ክርክር ሆነ። ቀዝቃዛ አየር ውስጥ አፈራረሱ ቀርፋፋ መሆኑ፣ አቧራ ላይ ሲጣበቅ መከለሉ እየተነሣ ቆይቶ በ2025 ዝርዝሩ ውስጥ ገባ፤ ለተወሰኑ አገልግሎቶች ግን ጊዜ ተሰጥቶታል። እኔ ክፍል ውስጥ ሞዴል ከማስተማሬ በፊት ይህን ነው የምነግራቸው።

የጉዞ ርቀቱ አጭር ከሆነ ደህና ነው ማለት ነው?

ለማን? ለፔንግዊኗ አዎ። ለእኛ አይደለም። አጭር ርቀት ማለት እዚሁ ይቀራል ማለት ነው። የሽንኩርት ማሳ ዳር ያለች ጎጆ ለ37 በመቶው ሳይሆን ለመቶው ነው የምትቀርበው።

ሌላ ወጥመድም አለ። አልድሪን አየር ውስጥ በሰዓታት ይፈርሳል፤ ርቀቱ አጭር ይወጣል። ግን ሲፈርስ ዲልድሪን ይሆናል። ዲልድሪን ራሱ ከአሥራ ሁለቱ አንዱ ነው። አባት ሰፈር ሳይወጣ ልጁ አገር አቋርጦ ሄደ ማለት ነው። ሞዴሉ ውስጥ አባትየውን ብቻ ካስገባችሁ ታሪኩ ያመልጣችኋል።

ፌስታልና ሽቦ ሲቃጠል የሚወጣውስ?

የፒቪሲ ልባስ ያለው ሽቦ መዳቡን ለማውጣት ሲቃጠል ዳዮክሲን ይወጣል። ዳዮክሲን ጥላሸትና አቧራ ላይ ስለሚጣበቅ የሚሄደው አቧራው የሄደበት ድረስ ነው። የሚበዛው ግን ቅርብ ይወርዳል፤ ሣር ላይ፣ ከዚያ ላም፣ ከዚያ ወተት። ለዚህ ሞዴል አያስፈልግም።

ከኢትዮጵያ የወጣ ረጅሙ የፖፕስ ጉዞ የቱ ነው?

ቀልድ ከፈቀዳችሁልኝ፣ በመርከብ የሄደው ነው። ለአሥርት ዓመታት በየመጋዘኑ የተከማቸ ጊዜው ያለፈበት ፀረ ተባይ ነበረን፤ ዲዲቲና መሰሎቹም በውስጡ። በ2000ዎቹ መጀመሪያ 1,500 ቶን ገደማ ታሽጎ ለማቃጠል ፊንላንድ ተላከ። ነፋስ ሊወስደው የሚፈልገውን አቅጣጫ በበርሜል ወሰድነው፤ ልዩነቱ እዚያ ሲደርስ እሳት ጠበቀው።

ሞዴሉን ራሴ መሞከር እችላለሁ?

ትችላላችሁ። የኦኢሲዲው በነፃ ይገኛል፤ ኤክሴል የሚከፍት ላፕቶፕ ይበቃል። መብራት ካለ ሥራው የግማሽ ሰዓት ነው። መጀመሪያ የምታውቁትን አስገቡ፤ ዲዲቲን፣ ከዚያ ሄክሳክሎሮቤንዚንን። የሁለቱን ርቀት ልዩነት እዩ። ቀጥሎ የዲዲቲን የአየር ግማሽ ዕድሜ በእጥፍ አሳድጉና ርቀቱ ምን እንደሆነ ተመልከቱ፤ ከዚያ የአፈሩን ብቻ። የትኛው ቁጥር ውጤቱን እንደሚነቀንቀው በእጃችሁ ታዩታላችሁ፤ ከኔ ንግግር ይሻላል።

ግማሽ ዕድሜ የሚለው ቦታ ላይ በሰዓት ነው የሚጻፈው። 48።